የቮልሱ ወለል

እሁድ፣ ጥር 18

መጣ። ጠሃ በአይሱዙው ጎትቶ አምጥቶ ግቢ ውስጥ ጣለው። ታናሼ ነው፣ «ጋሼ» ይለኛል፣ አነጋገሩ ግን የታላቅ ነው።

«ጋሼ፣ ያው ስጦታ ነው እንግዲህ። ካልሆነልህ ለቆራሌው ስጠው፣ ወይ ዶሮ አርባበት።»

የሰጠኝ ጓሮው ስለጠበበው ነው። ቆሻሻውን ወደኔ ደፋው። እኔም አውቄ ተቀበልኩ።

ቮልስዋገን ነው፣ የጥንቱ፣ ኤሊ የሚመስለው። ቀይ ነበር ይላል ሊብሬው። አሁን የኔን ጥርስ ነው የሚመስለው፣ የናዝሬት ውሃ ጠጥቶ ያደገ ጥርስ። በሩን ስከፍተው የወጣው ሽታ ምሳዬን አስመለሰኝ። አላጋነንኩም፣ አጥሩ ስር ሄጄ አስመለሰኝ። ያየሁትን ልጻፍ፦

የኋላ ወንበር ውስጥ የአይጥ ጎጆ። ልጆቿ ደርቀው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻሉ።
ባትሪ የሚቀመጥበት፣ ከወንበሩ ስር፣ ወለል የለም። አፈር ይታያል።
ከፊት፣ በተሳፋሪው እግር በኩል፣ ወለል ያለ ይመስላል። ስረግጠው እንደ ብስኩት ተፈረፈረ።
ሞተር አለ። ይዞራል ብዬ አላምንም።

ፈውዚያ በረንዳው ላይ ሆና አፍንጫዋን ይዛ ታየኛለች።

«አባዬ፣ ይሄን ምን ልታደርገው ነው?»

«አንቺ ነሽ ያልሽው። ለሰርግ ይከራያል ብለሽ።»

«እኔ? መቼ?»

ረስታዋለች። የተመረቀች ቀን ነው። ፍራንኮ ሰፈር ከፎቶ ቤት ስንወጣ ሙሽሮች አንድ ቀይ ቮልስ ተደግፈው ፎቶ ሲነሱ አየችና «እንዲህ ያለ ቢኖረኝ ለሰርግ እያከራየሁ፣ ፎቶውንም ራሴ እያነሳሁ እኖር ነበር» አለች። ይኸው ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆናት፣ በአካውንቲንግ። የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆማ ስትመለስ ፊቷን ማየት አስጠልቶኛል። እሷን አይደለም። ሰሌዳውን።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ከዱከም፣ ከፋብሪካው ዕቃ ቤት ስመለስ መሽቷል። ሰርቪሱ ሞጆ ላይ ጎማ ፈነዳበት። ቤት ስገባ ፈውዚያን ለሠራተኝነት ዓረብ አገር ሊልክ የሚመላለሰው ደላላ ሻዬን እየጠጣ ነው፣ በኔ ብርጭቆ።

«ጋሽ አብዱልጀባር፣ ቤተሰቡ የተከበረ ነው፣ ጅዳ፣ ልጆቹ ትልልቆች ናቸው። በረራው ከዒድ በኋላ ነው። የርስዎ ምርቃት ብቻ ነው የቀረው።»

የትንሽ ጣቱን ጥፍር አሳድጎታል። ሽቶው ልብሴ ላይ ቀረ። ሰው እንደ በግ ጥርሱን አይቶ የሚሸጥ ሰው ለምን ሽቶ ይቀባል? ስለሚሸት ነዋ።

ከሄደ በኋላ ፈውዚያ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«አንተ ካልፈቀድክ አልሄድም። ግን ዝም አትበለኝ፣ አባዬ። ወይ እሺ በለኝ፣ ወይ እምቢ በለኝ።»

«ኢንሻአላህ፣ እናያለን» አልኳት።

እህቴ ሑስና ከጅዳ የሰው ቤት ሥራ ከተመለሰች ስንት ዓመቷ ነው። ዛሬም ሰው ቤት ተቀምጣ በር ሲንኳኳ ብድግ የምትለው እሷ ናት። የራሷ በር ይሁን የሰው በር አትለይም።

ይሄን ለፈውዚያ አልነገርኳትም። እሁድ ሁንዴ ይመጣል፣ ሞተሩን ያየዋል።

እሁድ፣ ጥር 25

ሁንዴ መጣ። ጋራዥ ውስጥ መካኒክም በያጅም ነው፣ የእሁዱን ከሰዓት ለኔ ሰጥቶኛል። «አካም፣ አባ ፈውዚያ» አለና መኪናውን ዞሮ አየው፣ ከዛ እኔን አየኝ።

«እርስዎና ይሄ መኪና አንድ ውሃ ነው የጠጣችሁት።»

ስለ ጥርሴ መሆኑ ነው። 

የፊት መከላከያውን በካቻቢቴ ሲጭረው ቀለሙ ተላጠ፣ ከቀለሙ ስር ጣት የሚያህል ስቱኮ። ስቱኮውን ሲፈነቅለው ጆንያ። ከጆንያው ስር የተጨማደደ ጋዜጣ። ብረት የሚባል የለም። ቀዳዳውን ጠቅጥቀው፣ በስቱኮ ለስነው፣ ቀይ ቀብተው የሸጡት ነው።

«ይሄ መኪና አይደለም፣ ሐውልት ነው» አለ ሁንዴ።

እሱ ይስቃል፣ እኔ ደሜ ፈላ። ይሄን የሠራ ሰው ሰው አሳፍሮ ሊሄድበት እኮ ነው ብዬ ጮህኩ፣ በረንዳው ላይ ያለችው ፈውዚያ እስክትሰማ። ልጅ አሳፍሮ። እንዲህ ያለ ሰው ማታ እጁን ታጥቦ እንጀራ ሲቆርስ አይቀፈውም? ከሌባ ይብሳል። ሌባ ወስዶ ይሄዳል፣ ይሄ ግን የበሰበሰውን «ደህና ነው» ብሎ ያሳቅፍሃል። ስቱኮ ግቢዬ አይገባም አልኩት ሁንዴን። ወለሉ በሙሉ ላሜራ ይሆናል፣ ተቆርጦ፣ ተበይዶ።

«ጊዜ ይፈጃል።»

«ከዒድ በፊት።»

«ለምን ከዒድ በፊት?»

ከረመዳን ቀጥሎ ያለው ሸዋል የሰርግ ወር ነው አልኩት።

እሁድ፣ የካቲት 2

ሰርቪስ ውስጥ አንድ የወንጂ ሰው ስለ ሞላሰስ ነገረኝ። ከስኳሩ የሚቀረው ጥቁር ዝቃጭ። በውሃ አቅጥነህ ዝገት ያለበትን ትነክራለህ፣ በሳምንታት ውስጥ ብረቱ እንደ አዲስ ይወጣል። ሁንዴም ያውቀዋል፣ አጎቱ ማረሻ የሚያጸዳው በሱ ነው። አሲድ ከመግዛት ይረክሳል። ከከብት መኖ ሻጭ አመጣሁ፣ በርሜሉን ከወይዘሮ ሸዋወርቅ አጥር ጥግ አስቀመጥኩት፣ ጥላ ያለው እዛ ብቻ ስለሆነ።

ሲቀዳ አየሁት። ያመረቀዘ ቁስል ይመስላል። እጄ ላይ ደርቆ አልለቅ አለ፣ ሳሙናውንም አቆሸሸው። ባለቤቴ ኡሙሰልማ ማዕዱን በእጄ እንዳልነካ ማንኪያ ሰጠችኝ። በሷ ቤት እጄ ረከሰ።

የተነከሩ፦ የጎማ ቸርኬዎች፣ የበር ማጠፊያ፣ የወንበር ሐዲድ።

እሁድ፣ የካቲት 9

ፈውዚያ በራሷ መጣች። የብርጭቆ ወረቀት ይዛ ኮፈኑን መፈግፈግ ጀመረች። ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አስራ፣ አቧራው ቅንድቧን ቀይ አድርጎት። እጇ ጎበዝ ነው። ዝገቱን ሁሉ አትፈገፍግም፣ ጠርዙን ፈልጋ ከዛ ነው የምትገባው።

ብዙ ሠራን፣ ብዙም አላወራንም። ከዛ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ ባልሄድ ምን ልሁን?»

«ቀስ አድርገሽ ፈግፍጊው፣ ቆርቆሮው ይሳሳል» አልኳት።

እጇን አቆመች። ወረቀቱን ገልብጣ ቀጠለች።

ምን አይነት ሰው ነኝ? መልስ እኮ ነበረኝ። አፌ ውስጥ ነበር። ወጥቶ ስለ ቆርቆሮ ሆነ።

እሁድ፣ የካቲት 16

ቸኩዬ ነው። ረመዳን ሊገባ ነው፣ ቅዳሜንም ፋብሪካው ወሰደብኝ። የቀረውን ሁሉ በሽቦ አስሬ ነከርኩት። የፍሬን ከበሮ፣ ብሎን፣ የመሪ ዘንግ፣ ካርቦራተር፣ ጭስ ማውጫ። ሁሉም ባንዴ ይጽዳ። ሁንዴ አልመጣም፣ ቤተሰብ ጋ ሄዷል።

ጠሃ ደወለ። «ጋሼ፣ ዶሮዎቹ ፈለፈሉ?» እየሳቀ ዘጋው።

እሁድ፣ የካቲት 23

ሁለተኛ ጾም። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ነፋሱ አሸዋውን ጥርሴ ውስጥ ይሞላል።

በርሜሉ ፈላ። ሙቀቱ ነው መሰለኝ፣ አረፋ ደፍቆ ይንተከተካል። ዝንቡ ደመና ነው። ሽታው ደግሞ! የዝቃጭ መሆኑ ቀርቶ የአረቄ ሆኗል። የለየለት አረቄ።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። እሳቸውም ሁዳዴ ይዘዋል።

«አንተ አብዱልጀባር! ሰው ሁሉ በጾመበት ወር ነው አረቄ የምታወጣው? በል ካወጣህ አይቀር ለፋሲካዬ አስቀምጥልኝ!»

«ለመኪና ነው፣ ወይዘሮ ሸዋወርቅ።»

«መኪናውም ይጠጣል?»

ሳቃቸው መንገድ ድረስ ተሰማ። እኔ ግን ፊቴ ጋለ።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ወሬው መስጊድ ደረሰ። ከተራዊህ ሶላት በኋላ ሼኹ ትከሻዬን ያዙኝ።

«አብዱልጀባር፣ ግቢህ ይሸታል አሉኝ። አላመንኩም። ግን ልየው።»

በእግራቸው መጡ፣ ሌሎች ሽማግሌዎችም ተከትለው። የስልክ መብራት አብርተው ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብስበው በርሜሉ ላይ ጎነበሱ። ሽቦውን ስስበው የፍሬን ከበሮ ወጣ፣ ጥቁር ልጋግ እያንጠባጠበ።

ሼኹ አፍንጫቸውን ያዙ። «ይሄን የሚጠጣ ካለስ ወንጀሉ ከሆድ ሕመሙ ያንሳል» አሉ። ሰው ሳቀ። «ለምን ይሄን ሁሉ ትደክማለህ?»

«ለልጄ ሥራ እንዲሆናት ነው። እንዳትሄድ።»

አልኩት። ለሼኹ። በዝንብ መሃል። ለማን ነው የምናገረው? የሚሰማው ሰው ሌላ፣ የምነግረው ሌላ።

ፈውዚያ በረንዳው ላይ ነበረች። የሰማች አይመስለኝም።

እሁድ፣ የካቲት 30

በርሜሉን ገለበጥነው። ቸርኬው፣ ከበሮው፣ ማጠፊያው፣ ሁሉም ግራጫ ሆኖ ጸድቷል፣ ያምራል። ካርቦራተሩን ሳወጣው ግን ውሻ ያላመጠው አጥንት ሆኗል። ተቦርብሯል፣ ግድግዳው እንደ ወረቀት ሳስቷል፣ ጣቴ አለፈበት።

ሁንዴ አንስቶ አየውና ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። አልሳቀም።

«አባ ፈውዚያ፣ ሞላሰስ ለብረት ነው እንጂ ለዚህ አይሆንም። ይሄ አሉሚኒየም ነገር ነው፣ ይበላዋል። እኔን ሳይጠይቁኝ?»

ማን ሊጠይቅ። ቸኩዬ። ሁሉም ባንዴ ይጽዳ ብዬ። ሽታውን የቻልኩት፣ የሰፈር መሳቂያ የሆንኩት፣ ያለውን ደህና ነገር በገዛ እጄ ለማስበላት ነው። ራሴን ጠላሁት። ማታ ሾርባው ሞላሰስ ሞላሰስ አለኝ።

እሁድ፣ መጋቢት 7

ሁንዴ የሚያውቀው ሰው አዳሚ ቱሉ የሞተ ቮልስ አለው። ከፈውዚያ ጋር ሄድን፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ ዝዋይን አልፈን። እሷ ናት «እኔም ልምጣ» ያለችው።

ቮልሱ ቁልቋል ውስጥ ነው የቆመው። ወለሉ አንድም የለም። ባለቤቱ፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ «ላንጋኖ ዳር እየነዳሁ በሐይቁ ውሃ ነበር የማጥበው፣ በየሳምንቱ፣ ንጹሕ ሰው ነበርኩ» አሉ። ውሃው ጨዋማ ነው፣ ከስር በላው። መኪናቸውን በፍቅር አጥበው ገደሉት።

ፈውዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ገባችበት። ተርብ ነበር፣ አልፈራችም። ብሎኖቹ እምቢ ሲሏት ቤንዚን ጠብ አድርጋ ጠበቀች፣ መታ መታ አደረገች፣ ፈታችው። ሰውየው «ልጅዎ የማን ጋራዥ ነው የምትሠራው?» አሉኝ። «የራሷ» አልኳቸው። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ካርቦራተሩን እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። ከመቂ ወዲህ፦

«አባዬ፣ በረራው ዒድ በዋለ በሦስተኛው ቀን ነው። ረቡዕ።»

መስኮቱን እያየሁ ነበር።

«ጋስኬት አዲስ ያስፈልገዋል» አልኳት።

«እሺ» አለች።  ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ከፊታችን ነበር፣ የበሰበሰ ሽንኩርት፣ እስከ ሞጆ አፍንጫችን ውስጥ። እኔ ነኝ የምሸተው ብዬ አሰብኩ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ሞተሩ ተነሳ! አንዴ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዛ ያዘ። ኡሙሰልማ እልል አለች። ወይዘሮ ሸዋወርቅ በአጥሩ «አረቄው ሠራ!» አሉ።

እሁድ፣ መጋቢት 14

የቀረ፦

ወለል፣ የሾፌር በኩል። ሁንዴ በየደው። እንደ አለት ነው።
ወለል፣ የባትሪው ቦታ። በየደው።
ወለል፣ የተሳፋሪ በኩል። ቆራርጦ ሳይጨርስ መብራት ጠፋ። ጀነሬተር ያለው ጋራዡ ብቻ ነው። ሁንዴ «ከዒድ በኋላ እጨርሰዋለሁ፣ ምን ያስቸኩላል?» ብሎ ሄደ።

ምን ያስቸኩላል ይለኛል።

ዓርብ፣ መጋቢት 19

የተሳፋሪው በኩል አለቀ። በራሴ መንገድ ጨረስኩት። ምንጣፍ አለበስኩት።

ሌላ የሚጻፍ የለም። ጾሙ አድክሞኛል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

የፈውዚያ ሻንጣ አልጋዋ ላይ ነው። ክፍት። በበሩ ሳልፍ አየሁት። ቀለም አልደረሰልኝም፣ ቮልሱ ዝገት በሚከላከለው ግራጫ አንቲሩጂኑ ነው ዒድን የሚውለው። ደላላው ሦስቴ ደውሏል። አላነሳሁም።

እሁድ፣ መጋቢት 21፣ ዒድ

ሁሉንም መጻፍ አለብኝ።

ከስታዲየም ሰግደን ተመለስን። ከምሳ በኋላ «ነይ ልውሰድሽ» አልኳት። አዲስ ቀሚሷን፣ ተረከዙ ቀጭን የሆነ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ጠሃ ለዒድ መጥቶ ነበር፣ ሞተሩ ሲነሳ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ጋሼ፣ ጉድ!» አለ። ስንወጣ የሰፈሩ ልጆች ተከትለው ሮጡ። በወንጂ መንገድ ወረድን። ሸንኮራው በሁለቱም በኩል፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ፈውዚያ ትስቃለች። በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። ከጥር ጀምሮ እንዲህ ስትስቅ አላየሁም።

አንድ ጉድጓድ መታኝ። ለመያዝ ብላ እግሯን ወደ ታች ስትጫን ቋ! አለ። ተረከዟ ምንጣፉን ቀዶ ወለሉን ወጋው። ስትስበው ትልቅ ቁራጭ አብሮ ተነሳ። በቀዳዳው አስፋልቱ ሲሮጥ ይታያል።

ቁራጩን አንስታ ገለበጠችው። ስቱኮ። ከጀርባው ጆንያ። ጆንያው ላይ የፋብሪካዬ ስም ታትሟል።

«አባዬ። አንተ?»

መኪናውን ዳር አስያዝኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። ከሸንኮራው ውስጥ ያ ሽታ መጣ፣ የሞላሰሱ።  

«ሰው ሊያሳፍርበት እኮ ነው ስትል ነበር» አለች። «እኔን ነው ያሳፈርከው። እግሬ ቢገባስ?»

«አትሂጂ» አልኳት።

ቁራጩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«መፍቀድም መከልከልም አይደለም። አትሂጂልኝ። ሑስና ዛሬም በር ሲንኳኳ ብድግ ትላለች። አንቺ ሰው በር ላይ ብድግ ስትዪ ማየት አልችልም። ሥራ አላገኘሁልሽም፣ ያገኘሁት ይሄን ቆሻሻ ነው። ከዒድ በፊት ቆንጆ ሆኖ ካየሽው ሳልናገር የሚገባሽ መስሎኝ ነው።»

«ይሄን ለማለት መኪና አስፈለገህ?»

«ጠሃ በነፃ ሰጠኝ።»

«አባዬ!»

ትስቅ ታለቅስ አልገባኝም፣ ፊቷን ወደ ሸንኮራው አዙራለች። 

«ዛሬ አልመልስልህም። አንተ ከጥር ጀምሮ አስጠብቀኸኛል። ወደ ቤት ንዳ።» ከዛ ቀዳዳውን አየችና፦ «እግሬን የት ላድርገው?»

እስከ ቤት እግሮቿን ወንበሩ ላይ አጥፋ መጣች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

አልተናገረችም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም፣ ያልኩትን ብያለሁ። ሻንጣው አልጋው ላይ የለም። የት እንዳለ ኡሙሰልማን ልጠይቃት ብዬ ተውኩት። ማወቅ ፈራሁ። የፈራ ሰው ያስጠላኛል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

ለሰርቪስ ስወጣ ክፍሏ ዝግ ነው። አላንኳኳሁም።

ቀኑን ሙሉ ዱከም፣ የእቃ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈውን ሚኒባስ ሁሉ አየሁ፣ በየመስኮቱ ሻሽ ያደረገች ሴት። ሰው ጎማ ሲጠይቀኝ ቀለም ሰጠሁት። አንድ ጊዜ የደላላውን ሽቶ የሸተተኝ መሰለኝ፣ ዘወር ስል የሽንት ቤቱ መድኃኒት ነው።

ቤት የደረስኩት ሊመሽ ሲል ነው። ከበሩ ውጭ ጆሮዬን ሰጠሁ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። መዶሻ።

ሻንጣው በረንዳ ላይ ነው፣ ተከፍቶ። ልብስ የለበትም። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የሁንዴ ብሎን መፍቻዎች። ከቮልሱ ስር ሁለት እግር ወጥቷል፣ አሮጌ ሸራ ጫማ።

የቮልሱን በር ከፍቼ ወደ ውስጥ አየሁ። የተሳፋሪው ወለል የለም። የለጠፍኩትን በሙሉ፣ እስከ ጠርዙ፣ እስከ ደህናው ብረት ድረስ ፈልፍላ አውጥታዋለች። በቀዳዳው ፊቷ ወደ ላይ ያየኛል፣ በስቱኮ ብናኝ ነጭ ሆኖ፣ ልክ ዱቄት እንደተደፋበት።

«ደላላውን እምቢ አልኩት» አለች። «ሁንዴ ነገ ላሜራ ይዞ ይመጣል። አንተ ግን ይሄን ሥራ ዳግመኛ እንዳትነካው፣ ያስጠላል።»

«እሺ።»

«በቃ እሺ ብቻ?»

ጎንበስ ብዬ በቀዳዳው እጄን ሰጠኋት። ይዛው ቆየች። ከዛ አሸተተችው።

«ሞላሰሱ አሁንም አልለቀቀህም» አለች።

ስቱኮውን በጆንያ ሰብስቤ መንገድ ዳር አወጣሁት። ውሻ እንኳ አሽትቶ ተወው።